ቀለሙ ተቀየረ፤ ግን የቀየረው ፍሎራይድ ነው?

ቱሉዲምቱ_መምህር — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ማስተርሴን በክረምት ፕሮግራም እየተማርኩ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የመመረቂያ ርዕሴ በውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድን በቀለም ለውጥ መለየት ነው። ርዕሱን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። ያደግኩት መተሐራ ነው፤ የእኔም የታናናሾቼም ጥርስ በውሃው ፍሎራይድ በልዟል። እህቴ እስከ ዛሬ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች።

የሠራሁት ቀለም ከሳሊሲልአልዲሃይድና ከ2፣4-ዳይናይትሮፌኒልሃይድራዚን የሚገኝ ሃይድራዞን የሚባል ውህድ ነው። ሁለቱን በሞቀ ኢታኖል ውስጥ አገናኝቼ ሁለት ሦስት ጠብታ አሲድ ስጨምርበት ወዲያው ብርቱካናማ ዝቃጭ ወረደ። አጥቤ አደረቅኩት። ዲኤምኤስኦ በሚባለው ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ ቢጫ ነው። ቴትራቡቲልአሞኒየም ፍሎራይድ ጠብ ሳደርግበት ግን ጠብታው ከወደቀበት ቦታ ጀምሮ እንደ ቢላ ቅርጽ ወደ ታች እየወረደ ጥቁር ወይን ጠጅ ሆነ። ክሎራይድ፣ ብሮማይድና አዮዳይድ ስጨምር ቢጫው ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወደ እውነተኛ ውሃ ሄድኩ። ሦስት ናሙና ያዝኩ፦ የቤቴን የቧንቧ ውሃ፣ የጎረቤት ግቢ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ፣ ዘመዴ ከመተሐራ በጠርሙስ ያመጣልኝን ውሃ። ፍሎራይዱ እንዲጠነክርልኝ እያንዳንዱን አፍልቼ በግማሽ አተነንኩት። ከዚያ በዲኤምኤስኦ የተበጠበጠው ቀለም ላይ ጥቂት ጥቂት ጠብታ ጨመርኩ። የቧንቧው ውሃ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የጎረቤት ጉድጓድ ትንሽ ቀላ አለ። የመተሐራው ቀላ፣ ደመቀ። እንደጠበቅኩት ነው የሆነው።

ችግሩ የመጣው ትናንት ማታ ነው። ባለቤቴ ቤኪንግ ሶዳ እየተጠቀመች ነበር። እኔም ዝም ብዬ ከሶዳው ቆንጥሬ በቧንቧ ውሃ በጠበጥኩና እንደ ሌሎቹ አፍልቼ ሞከርኩት። ያው ወይን ጠጅ ሆነ! በቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ፍሎራይድ የለም። ታዲያ የሠራሁት ምንድን ነው? ለጎረቤቶቼ «የጉድጓዳችሁ ውሃ ፍሎራይድ ሳይኖርበት አይቀርም» ብዬ ተናግሬያለሁ። ሰው አስደንግጬ ከሆነ ቶሎ ማረም አለብኝ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

---

ሞለኪውል_በቂሊንጦ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡55

መምህር፣ እንኳን ቤኪንግ ሶዳውን ሞከሩት። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ነው የሚጽፈው። በዚሁ መስክ ነው የምሠራው፤ የማውቀውን ልንገርዎ።

ዲኤምኤስኦ ውስጥ ያዩት ለውጥ እውነተኛ ነው። የሃይድራዞኑ ኤን-ኤች እና የፌኖሉ ኦ-ኤች ሁለቱም ፕሮቶናቸውን (የሃይድሮጅን አዮናቸውን) ለመስጠት የተዘጋጁ ናቸው፤ ሁለቱ የናይትሮ ቡድኖች ኤሌክትሮን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ። ፍሎራይድ ሲመጣ መጀመሪያ በሃይድሮጅን ቦንድ ይጠጋል። ሲበዛ ግን ፕሮቶኑን ነጥቆ ይሄዳል፤ ከሌላ ፍሎራይድ ጋር ተካፍሎት ባይፍሎራይድ ይሆናል። ኤንኤምአር (የሞለኪውልን አወቃቀር የሚያሳይ መሣሪያ) ካለዎት ወደ 16 ፒፒኤም አካባቢ ሦስት ጫፍ ያለው ምልክት ይፈልጉ፤ እሱ የባይፍሎራይድ ፊርማ ነው። ቀለሙ ላይ የቀረው አሉታዊ ቻርጅ እስከ ናይትሮዎቹ ድረስ ይዘረጋል። ሞለኪውሉም ረዘም ያለ የብርሃን ሞገድ መምጠጥ ይጀምራል፤ ቢጫው ወደ ወይን ጠጅ የሚዞረው በዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ቀለሙን የቀየረው ፕሮቶኑ መነጠቁ ነው። ፕሮቶን መንጠቅ የሚችል ቤዝ ሁሉ ያንኑ ያደርጋል። ሃይድሮክሳይድ ያደርገዋል፣ ካርቦኔት ያደርገዋል፣ ዲኤምኤስኦ ውስጥ አሲቴትም ያደርገዋል። እርስዎ ያነጻጸሩት ከክሎራይድ፣ ከብሮማይድና ከአዮዳይድ ጋር ብቻ ነው፤ ሦስቱም ደካማ ቤዞች ስለሆኑ ዝም ማለታቸው ምንም አያስረዳም። አሲቴትና ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሳይሞከሩ «ፍሎራይድን ይመርጣል» ማለት አይቻልም። ይህ የእርስዎ ብቻ ስህተት አይደለም፤ በመስኩ ውስጥ ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖረ ጉዳይ ነው።

ማፍላትዎ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ባይካርቦኔት ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ ካርቦኔት ይሆናል፤ ፒኤቹ ሽቅብ ይወጣል። ፍሎራይዱን አጠነክራለሁ ብለው ቤዙን ነው ያጠነከሩት።

---

ነባር_ቴክኒሺያን — እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንደምን አደራችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ በውሃ ላብራቶሪ ነው የሠራሁት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጁ የተናገረው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ከመሬቱ የማውቀውን ነው።

መምህር፣ የመተሐራው ውሃ ለምን እንደጠበቅከው እንደቀላ ላስረዳህ። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ውሃው እዚያ ድንጋይ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተኝቶ፣ አንዳንዴም ሞቆ፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይጠግባል። ካልሲየሙ ግን ይቀንሳል። ካልሲየም ሲኖር ፍሎራይድን ይዞ ፍሎራይት ሆኖ ይዘቅጣል፤ ካልሲየም ሲጠፋ ፍሎራይዱን የሚያወርደው የለም፤ ውሃው ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ በእኛ አገር ፍሎራይድ የበዛበት ውሃና ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውሃ ነው።

ገባህ? አንተ የሠራኸው ቀለም ፍሎራይድን ጨርሶ ባያይ እንኳ ባይካርቦኔቱን አይቶ መተሐራ ላይ ይቀላል፣ ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ላይ ዝም ይላል። ሃያ ጉድጓድ ብትዞርበት ሃያውም «ትክክል» ሊመስልህ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ባይካርቦኔቱ ትንሽ የሆነ፣ ፍሎራይዱ ግን ከመጠን ያለፈ ውሃ ያጋጥምሃል፤ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ አንተም «ጠጡ» ትላለህ። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የጎረቤትህን ማስደንገጥ ይታረማል፤ ይኼኛው ግን ልጅ ጥርስ ላይ ይቀራል።

---

የኮዬዋ_እናት — እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ጋሼ፣ መምህር፣ ሰላም ለናንተ። ኬሚስትሪውን ብዙም አልተከታተልኩትም፤ ግን ስለ ጥርስ ስታወሩ ልቤ ደነገጠ። ወንጂ ኖረን ወደ ኮዬ ፈጬ የመጣነው ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ እያለ ነው። አዲሶቹ የፊት ጥርሶቹ ሲወጡ ጀምሮ ቡናማ መስመር አለባቸው። ትንሿ እዚሁ ነው የተወለደችው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሌለ ቀን ከቦቴም፣ ከጎረቤት ጉድጓድም እንቀዳለን። ሁሉንም አፍልቼ ነው የምሰጣቸው። ማፍላቴ ፍሎራይዱን ያወጣዋል? የልጄ ጥርስስ በውሃ ለውጥ ይነጻል?

---

ነባር_ቴክኒሺያን — እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡05

እናቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እሱን እንዳትተዪ። ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙ ካፈላሽው እንዲያውም ይወፍራል። ፈልቶ ወዲያው ከወረደ ለውጡ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰዓት እሳት ላይ አታቆዪው።

የጥርሱን ነገር፦ የቋሚ ጥርስ ኢናሜል የሚሠራው ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ ነው፤ ከሕፃንነት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ። በዚያ ወቅት የተጠጣው ውሃ ነው መስመሩን የጻፈው። አሁን ውሃ ብትቀይሪለት የወጣው ጥርስ አይነጻም፤ ኢናሜላቸው ገና ያልተሠራ ካሉ ግን ሊተርፉ ይችላሉ። ለወጣው የጥርስ ሐኪም አሳዪው፤ ሊያሻሽሉት የሚችሉት ነገር አለ። ዋናው የትንሿ ነው። የምትቀጂበት ጉድጓድ በትክክል መለካት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው። ለትንሽ ልጅ ወፍራም ሻይ አትስጪ።

---

ገላን_ሜትር — እሁድ፣ ከቀኑ 8፡20

ለምን በቀለም ትጨነቃላችሁ? ኤሌክትሮድ አለ። የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለው ኤሌክትሮድ ከ1966 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፍራንትና ሮስ ናቸው የሠሩት። ውሃው ላይ ባፈሩን (አሲድነቱን የሚያረጋጋውን መፍትሔ) ትጨምራለህ፣ ኤሌክትሮዱን ታጠልቃለህ፣ ቁጥሩ ይወጣል። እኛ በምንሠራበት ፋብሪካ አለን። ቀለም ለተማሪ ማሳያ ይሁን እንጂ ለውሳኔ አይሆንም።

---

ሞለኪውል_በቂሊንጦ — እሁድ፣ ከቀኑ 9፡10

ኤሌክትሮዱ ጥሩ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ክሪስታሉ ከተጫረ፣ ባፈሩ ካለቀ፣ መብራት ከጠፋ፣ ሰውየው በየቀኑ በስታንዳርድ (መጠኑ በሚታወቅ መፍትሔ) ካላስተካከለው ቁጥሩ ያታልላል። ዋጋውም አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ የጉድጓድ ኮሚቴ የሚችለው አይደለም። ቀለም ትርጉም የሚኖረው እዚያ ነው። እናት በዐይኗ የምታነበው ነገር ስንሠራ ነው ሥራችን ሥራ የሚሆነው። እኔ በቀለም ተስፋ አልቆረጥኩም።

ከባዱ ነገር ውሃ ራሱ ነው። ፍሎራይድ ትንሽ አዮን ነው፤ ውሃ ደግሞ አጥብቆ ያቅፈዋል። ከዚያ እቅፍ ለማውጣት በሞል 465 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል፤ ለክሎራይድ 340፣ ለአዮዳይድ 275 ብቻ ነው። 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ደግሞ፣ ለ19 ሲካፈል፣ 0.079 ሚሊ ሞል በሊትር ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 55.5 ሞል ውሃ አለ። ስለዚህ አንድ ፍሎራይድን የሚከብቡት ወደ 700 ሺህ የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ሁሉም ሃይድሮጅን ቦንድ ይሰጣሉ። የእኛ ቀለም ያለው አንድ ኤን-ኤች ከነዚህ ጋር ተሻምቶ አያሸንፍም። ዲኤምኤስኦ ውስጥ የሚያምረው፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሲገባ ወደ ቢጫ የሚመለሰው ለዚህ ነው። መምህር፣ ወይን ጠጁ ላይ ንጹህ ውሃ ጠብ አድርገው ይዩት።

ከዚህ የሚያወጡ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሃይድሮጅን ቦንድን ትቶ ፍሎራይድ ከውሃ አስበልጦ የሚወደውን አቶም ማቅረብ ነው፦ ዚርኮኒየም፣ አሉሚኒየም፣ ቦሮን። ሌላው ሲሊከን ነው፤ ቀለሙን በሲሊከን-ኦክስጅን ቦንድ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ፍሎራይድ ሲመጣ ሲሊከኑን ይዞ ይሄዳል፣ የታሰረው ቀለም ይፈታል። እሱ ግን አንዴ ከተፈታ አይመለስም፤ ውሃ ውስጥም ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሳሙና ዓይነት ሞለኪውሎች ካላገዙት ያስጠብቃል።

---

ነባር_ቴክኒሺያን — እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ልጄ፣ ዚርኮኒየሙን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። እኛ በዚያ ነው የኖርነው። መምህር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ።

አሊዛሪን ሬድ ኤስ የሚባለው ቀለም አሲድ ውስጥ ብቻውን ቢጫ ነው። ዚርኮኒየም ሲያገኝ ይያያዝና ቀይ ይሆናል። ፍሎራይድ የያዘ ውሃ ሲጨመርበት ፍሎራይዱ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ነጥቆ ራሱ ይይዘዋል፤ ቀይ የነበረው ፈዝዞ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ቢጫው ይበዛል። ነገሩ ሁሉ አሲድ ውስጥ ስለሚካሄድ ባይካርቦኔትህ አይረብሽህም፤ አሲዱ ይጨርሰዋል። ባይካርቦኔቱ በጣም የበዛ ውሃ ከሆነ ግን ሪኤጀንቱ (የአሊዛሪኑና የዚርኮኒየሙ መፍትሔ) ውስጥ ያለውን አሲድ እንዳይበላብህ አስቀድመህ በመጠኑ አሲድ ገለልተኛ አድርገው።

ስታንዳርዱን እንዲህ ትሠራዋለህ። 221 ሚሊ ግራም የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ፤ ይህ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው። አሥር እጥፍ አቅጥነው፤ 10 ሚሊ ግራም ሆነ። ከዚህ 15 ሚሊ ሊትር ወስደህ 100 ሚሊ ሊትር ስትሞላው 1.5 ይሆንልሃል። 5 ብትወስድ 0.5፣ 10 ብትወስድ 1፣ 20 ብትወስድ 2። ማስቀመጫህ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆ አይሁን። ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ስለሆነ ከማእድ ቤት አታድርሰው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ጨርሶ አታስቀምጠው።

ቱቦዎቹ እኩል ውፍረት፣ እኩል ቁመት ይኑራቸው። ሪኤጀንቱን ወደ ሁሉም እኩል ጨምር፣ አዋህድ፣ 1 ሰዓት ሙሉ አቁመው። ቸኩለህ አታንብብ። ከነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ከላይ ወደ ታች ነው የምታየው፤ ከጎን አይደለም። ናሙናውም ስታንዳርዱም አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ይሁኑ፤ እኔ ሁሉንም አንድ ገበታ ውሃ ውስጥ አቆማቸው ነበር።

አሉሚኒየም ካለበት ተጠንቀቅ። በአልሙ (ውሃ በሚያጠራው የአሉሚኒየም ጨው) የታከመ ውሃ ላይ የቀረ አሉሚኒየም ፍሎራይዱን ይዞ ይደብቀዋል፤ የምታነበው ከእውነቱ ያንሳል። ሰልፌትና ፎስፌት ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። እኛ ትልቅ ውሳኔ ያለበት ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ እናጣራው፣ ዲስቲል እናደርገው ነበር።

---

ሰበታ_አትክልተኛ — እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይቅርታ ወደ ሌላ ልወስዳችሁ ነው። እኛ ጋ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከሽንት ቤት ብዙም አይርቁም። ናይትሬትንስ በቀለም ማወቅ ይቻላል?

---

ሞለኪውል_በቂሊንጦ — እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ይቻላል፤ ከፍሎራይድም ይቀላል። የግሪስ ምላሽ ይባላል፤ ናይትራይት ሲኖር ሮዝ ቀለም ያወጣል። ናይትሬቱን መጀመሪያ በዚንክ ዱቄት ወደ ናይትራይት መቀነስ ያስፈልጋል። የሚሸጡ ወረቀቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። በተለይ በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ካለ ቶሎ ያስመርምሩ። ራሱን የቻለ ክር ቢከፍቱለት ጥሩ ነው፤ ብዙ የምንለው አለ።

---

ቱሉዲምቱ_መምህር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጋሼ፣ ወንድሜ ሞለኪውል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን በሙሉ አደረግኩ።

መጀመሪያ የሃይድራዞኑን ነገር። ቱቦዎቹን እኔ እንዳላውቃቸው ባለቤቴ ቁጥር ጽፋ ለጠፈችባቸው፤ ዝርዝሩን በደብተሯ ያዘችው። አንዱ የባትሪ ውሃ (ዲስቲል የሆነ ውሃ) ላይ ቤኪንግ ሶዳ ብቻ የተጨመረበት ነው። ሌላው የባትሪ ውሃ ላይ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ብቻ። ሌላው ባዶ የባትሪ ውሃ። የቀረው የመተሐራው ጠርሙስ። ሁሉንም እንደ በፊቱ በግማሽ አተነንኳቸውና ቀለሙ ላይ ጨመርኩ።

ወይን ጠጅ የሆኑት 2 ቁጥርና 4 ቁጥር ነበሩ። ደብተሩን ገልጠን ስናይ 2 ቁጥር ቤኪንግ ሶዳው፣ 4 ቁጥር መተሐራ ነው። ፍሎራይድ ብቻ ያለበት 1 ቁጥር ከባዶው 3 ቁጥር አይለይም፤ ሁለቱም ቢጫ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ አዟዟርኳቸው፤ ባለቤቴንም አሳየኋት። ልዩነት የለም። ወንድሜ ሞለኪውል እንዳልከው ወይን ጠጁ ላይም ንጹህ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፦ ጠብታው የነካው ቦታ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ሁለት ወር የለፋሁበት ቀለም ውሃ ውስጥ ፍሎራይድን አያይም። በግልጽ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከዚያ የጋሼን ቀለም ሠራሁ። አሊዛሪኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ዚርኮኒየሙን ከአማካሪዬ አገኘሁ። 0፣ 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2 ስታንዳርዶችን ደረደርኩ። ከ1 ሰዓት በኋላ ከላይ ሳያቸው መደርደሪያው ላይ ያለው ነገር ያምራል፦ ዜሮው እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ከዚያ እየሳሳ እየሳሳ፣ 2 ላይ ገለባ ይመስላል።

ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ በአሲድ ገለልተኛ ሆኖ ሲገባ ከዜሮው ጋር አንድ ሆነ። የቧንቧዬ ውሃ በ0 እና በ0.5 መካከል ነው። የጎረቤቴ ጉድጓድ፣ ያን ያህል ያስደነገጥኩባቸው፣ ከ0.5 ትንሽ ያልፋል፣ 1 አይደርስም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የመተሐራው ከ2ም አልፎ ጨርሶ ቢጫ ስለሆነ በአምስት እጥፍ አቀጠንኩት፤ ያኔ ከ1 ቁጥሩ ጋር ገጠመ። ስለዚህ ወደ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። እኔ፣ ወንድሞቼና እህቴ የጠጣነው እንዲህ ያለውን ውሃ ነው።

ትናንት ማታ ጎረቤቶቼ ቤት ሄጄ የተናገርኩት ስህተት እንደነበር ነገርኳቸው። አባወራው ቡና አፍልተው አቆዩኝ።

---

ነባር_ቴክኒሺያን — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ፦ በአምስት እጥፍ ያቀጠንከውን በሦስት እጥፍም አቅጥነህ ሞክረው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው በየእጥፋቸው ተባዝተው አንድ ቁጥር ካልሰጡህ አንዱ ጋ የሚረብሽ ነገር አለ። የጎረቤትህንም ጉድጓድ በዝናብና በበጋ ለየብቻ እይ፤ ውሃ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም።

---

ገላን_ሜትር — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡30

መምህር፣ ባለፈው ቀለም ለውሳኔ አይሆንም ብዬ ነበር። ናሙናዎቹን በፕላስቲክ ጠርሙስ ካመጡልኝ በኤሌክትሮዱ እለካልዎታለሁ፤ አለቃዬን ጠይቄ ፈቅዶልኛል። የእርስዎን ንባብ ሳያሳዩኝ ይስጡኝ፣ ከዚያ እናነጻጽራለን።

---

ሞለኪውል_በቂሊንጦ — ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡15

ሃይድራዞኑን ግን እንዳይጥሉት መምህር። «ይሠራል» ብለው ሳይሆን የሆነውን ሁሉ አድርገው ይጻፉት፦ ዲኤምኤስኦ ውስጥ ምን እንደሆነ፣ ውሃ ሲገባ ምን እንደሆነ፣ ቤኪንግ ሶዳው፣ የመተሐራው ውሃ ለምን እንዳታለለ። የባይካርቦኔቱና የፍሎራይዱ አብሮ መገኘት የእኛ አገር ጉዳይ ነው፤ ሌላ አገር ተቀምጦ ዲኤምኤስኦ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሰው አያስበውም። አማካሪዎ ይቃወሙ ይሆናል፤ ቢሆንም ይሄ ምዕራፍ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ለኔም ይጠቅመኛል፤ አሁን የምሠራውን የቦሮን ቀለም ከዛሬ ጀምሮ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ነው የምፈትነው።

---

የኮዬዋ_እናት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

መምህር፣ እኛ የምንቀዳበትን ጉድጓድ ልታዩልኝ ትችላላችሁ? በምን ዕቃ ላምጣው? ከሮቶው ልቅዳ ወይስ በቀጥታ ከጉድጓዱ?

---

ቱሉዲምቱ_መምህር — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

እህቴ፣ በደስታ። ባዶ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ ሳሙና አይንካው፣ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀሽ እስከ አፉ ሙይው። ሁለት ጠርሙስ አድርጊ፤ አንዱን በቀጥታ ከጉድጓዱ፣ ሌላውን ከሮቶው፣ ልጆቹ ከሚጠጡት። የተቀዳበትን ቀን ጻፊበት። አታፍዪው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ እመጣለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን ለኔ፣ ሌላ ሁለት ደግሞ ለገላን_ሜትር አድርጊልን።